አራቱም ንጹህ

የወደቡ ሰው «ጋሽ ብልቃጥ» ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብልቃጥ ሳጥብ፣ ብልቃጥ ስሞላ፣ ብልቃጥ ላይ ቁጥር ስጽፍ ስለኖርኩ ስሙ አላስከፋኝም፤ እንዲያውም እናቴ ካወጣችልኝ ይልቅ እሱ ይስማማኛል። የምሠራው በባህር ምግብ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ነበር። ከዓሣ ገበያው ጀርባ ያለ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ማይክሮስኮፑ ላይ ያንጠባጥባል፤ እኛም ለማይክሮስኮፑ ጃንጥላ እንዘረጋለታለን።

ሥራችን ለመናገር ቀላል ነው። ዛጎል ለቃሚዎች በሳምንት አንድ ቀን ከባህረ ሰላጤው አለት ላይ የለቀሙትን በባልዲ ያመጡልናል። እኔ ቅርፊቱን ከፍቼ ሥጋውን እፈጫለሁ፣ ጭማቂውን በብልቃጥ አድርጌ ማሽኑ ውስጥ እከታለሁ። ዛጎል በራሱ መርዝ የለውም። ባህር ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ ደቃቅ አልጌዎች አሉ፤ ከእነሱ መካከል መርዝ የሚያመነጩ ይገኛሉ። ዛጎሉ ውሃ ሲያጣራ እነሱንም ይውጣል። እሱ ምንም አይሆንም፤ ጉድ የሚሆነው የሚበላው ሰው ነው። መመሪያችን «አራት ዓይነት መርዝ ፈትሹ» ይላል። አራቱ ከሌሉ ዶክተሯ ትፈርማለች፣ ዛጎሉ ገበያ ይወጣል። አንዱ እንኳ ከተገኘ ባህሩ ይዘጋል።

ዶክተሯ የባህር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ናት። እኛ ዘንድ ስትመጣ ገና ሠላሳ አልሞላትም ነበር። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ወፍራም ነው፤ በስልክ ብቻ የሚያውቋት ሰዎች በአካል ሲያዩዋት «አለቃሽን ጥሪልን» ይሏታል። ወላጆቿን በዘጠኝ ዓመቷ አጥታ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱም ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን ትቶ መርከብ ጥገና ገባ፣ ብየዳ ተማረ፣ ፀጉሯን ማበጠር ሳይቀር ተማረ። «ሚጢጢ» ነው የሚላት። እሷ «ጋሼ» ትለዋለች፤ እኔንም «ጋሼ» ነው የምትለኝ። ዶክተር ከሆነች በኋላ እንኳ አንዳንዴ ቢሮ ድረስ መጥቶ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «ሚጢጢ፣ ምሳ በልተሻል?» ይላል፤ እሷ በእፍረት ትቀላለች፣ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ እስቃለሁ።

ነገሩ የሆነው አንድ ሐሙስ ነው። ዶክተሯ ከመመሪያው ውጭ የሆነች አንዲት ልማድ ነበረቻት፤ ዛጎሉ የመጣበትን ውሃ አንድ ጠብታ ወስዳ በማይክሮስኮፕ ታያለች። የዚያን ቀን ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይምጡና ይህን ይዩልኝ።»

አየሁ። እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ጫፍ ለጫፍ ተያይዞ ሰንሰለት የሠራ ነገር ነው። ብዙ አልነበረም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«አላውቅም። በዚህ ባህር አይቼው አላውቅም።» እርሳስ አንስታ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ሳለችው።

በዚህ መሃል ማሽኑ ሥራውን ጨረሰ። ወረቀቱን ቀድጄ «አራቱም ንጹህ» ብዬ አነበብኩላት። የዛጎል ለቃሚዎቹ አለቃ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ዶክተር፣ በረዶው እየቀለጠ ነው፤ መኪናው ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል» አለ። እሷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለከተች። ከዚያ ወደ እኔ። ያኔ እኔ ምን አልኩ? «መመሪያው የሚለው አራት ነው» አልኩ። እንደ ዘበት ነው ያልኩት። ምሳ ሰዓት አልፎ ስለነበር ርቦኛል።

ፈረመች።

ቅዳሜ ወንድሟ ከገበያ አንድ ባልዲ ዛጎል ገዝቶ በትልቅ ድስት ቀቀለ። እሷንም ጠርቷት ነበር። ግን የዚያ መርፌ ነገር ከአእምሮዋ አልወጣም፤ ቢሮ ቁጭ ብላ መጽሐፍ ስታገላብጥ ሰዓቱ አለፈባት። የወንድሟ ሚስት ዛጎል ስትበላ ገላዋን ስለሚያሳክካት ዳቦ በልታ ነበር። ዶክተሯ ቤታቸው ስትደርስ ወንድሟ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተኝቶ ያስመልሰዋል። «ሚጢጢ፣ አንቺ እንዳትበዪ» አላት። በልቡ ተይዞ የቀረ የመጨረሻው ነገር ያ ሳይሆን አይቀርም።

በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው ሆስፒታል ገባ። ሦስቱ ሞቱ። መረብ ጠጋኙ ሽማግሌ፣ ዳቦ ሻጯ፣ ሦስተኛው የዛጎል ለቃሚዎቹ አለቃ የገዛ አባት። የዶክተሯ ወንድም ዘጠኝ ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆይቶ ነቃ። ሚስቱን አወቃት። እህቱን አወቃት። እኔንም «ጋሽ ብልቃጥ፣ ምን እግር ጣለዎት?» አለኝ። ደስ ብሎን ተላቀስን። እኔ ውሃ ላመጣ ወጥቼ ተመለስኩ። «ጋሽ ብልቃጥ፣ ምን እግር ጣለዎት?» አለኝ።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ሊያስረዳን ሞከረ። መርዙ ከአንጎል ውስጥ አዲስ ነገር ተቀብሎ የሚያስቀምጠውን ቦታ አቃጥሎታል፤ የድሮው ይኖራል፣ አዲሱ አይያዝም አለ። ዶክተሯ መጀመሪያውን እንደሰማች ቀሪውን ራሷ ጨረሰችለት። ሐኪሙም «ባለሙያ ነዎት መሰለኝ» አላት። «አዎ» አለች።

አጣሪ ኮሚቴ መጣ። አምስት ሰዎች ከእነ ቦርሳቸው ሁለቷን ክፍል ሞሏት፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የመሰከርኩት። ዶክተሯ ማስታወሻ ደብተሯን ራሷ አውጥታ ሥዕሉን አሳየቻቸው። «አይቼዋለሁ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ፈርሜያለሁ» አለች። ሰብሳቢው ሥዕሉን ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየና «ይህ የእርሳስ መስመር ነው» አለ። መመሪያው አራት ይላል፣ አራቱም ተፈትሸዋል፣ አራቱም ንጹህ ነበሩ። ከወር በኋላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሳት፤ ጥፋት አልተገኘባትም ይላል። አንብባ አጣጠፈችውና ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ቢቀጧት ይሻላት ነበር። ጥፋተኛ ነሽ የሚላት አንድ ሰው ብታገኝ እግሩ ሥር የምትወድቅ ትመስል ነበር።

ወንድሟ ወደ ሥራው ተመለሰ። እጁ ብየዳ አልረሳም፤ ስፌቱ እንደ ድሮው እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ግን ጋዙን ከፍቶ መክፈቱን ይረሳል። አንድ ቀን እሳት ተነስቶ የባልደረባውን እግር ላጠው። ኃላፊው የድሮ ጓደኛው ነበር፤ አቅፎት «ከእንግዲህ ቤትህ እረፍ» አለው። በማግስቱ ጠዋት ግን የሥራ ልብሱን ለብሶ እያፏጨ መጣ። ኃላፊው እንደገና አቅፎ መለሰው። በሦስተኛው ቀንም። ለሁለት ሳምንት ያህል ያ ሰው በየጠዋቱ ጓደኛውን ከሥራ ያባርር ነበር፤ ወንድሟም በየጠዋቱ እንደ አዲስ ልቡ ይሰበራል። በመጨረሻ ሚስቱ የሥራ ጫማውን ደበቀችበት።

ዶክተሯ የዚያን መርፌ ማንነት አገኘችው። ዋልታ አካባቢ፣ ከበረዶ ሥር የሚኖር አልጌ ነው። የባህሩ ሞገድ አቅጣጫ ሲቀየር ተንሳፍፎ ወደ እኛ መጥቷል። መርዙ አምስተኛ ነበር፤ ማንም አይፈትሸውም። አንድ ቀን ጠዋት ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ ልሄድ ነው» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወደ በረዶው። ይህ አልጌ እዚያ በብዛት ካለ መርዙም እዚያ ይከማቻል ማለት ነው። ግን አልተከማቸም። የሚበላው ነገር አለ። ባክቴሪያ ይመስለኛል። የሚበላውን ካገኘሁ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እኔም ጨርሺው አላልኳት።

አሥራ አራት ወር ቆየች። ብረት እግር ላይ የቆመ ጣቢያ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ሆነው፣ በአንድ ወጥ ቤት። በየሳምንቱ ትጽፍልኝ ነበር። «በረዶ ድፍን አይደለም፣ ጋሼ» ብላ ጻፈችልኝ አንድ ጊዜ፤ «ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ጨው የበዛበት ውሃ ሳይረጋ ይቀራል። እዚያ ጠብታ ውስጥ፣ ፀሐይ ለአራት ወር በማትወጣበት፣ ሕይወት አለ። ቀስ ብለው ይበላሉ፣ ቀስ ብለው ይከፈላሉ። አንዱ ሁለት ለመሆን ሳምንት ይፈጅበታል። እኔም አብሬያቸው ቀስ ብያለሁ።»

እኔ እሁድ እሁድ ወንድሟን እጠይቃለሁ። ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ወንበር ስቦ ያስቀምጠኛል።

«ሚጢጢ የት ናት?»

«በረዶ አገር ሄዳለች።»

«በረዶ? እሷ?» ይስቃል፤ ጭኑን በጥፊ እየመታ። «ጋሽ ብልቃጥ፣ እሷ እኮ እግሯ ስለሚቀዘቅዛት እስከ አሥራ ሁለት ዓመቷ ድረስ የእኔን ካልሲ በላይ በላዩ ደርባ ነው የተኛችው!»

እኔም እስቃለሁ። ሻይ ቀድተን ስኳሩን ሳናማስል «ሚጢጢ የት ናት?» ይላል። በአንድ እሁድ ስድስት ሰባት ጊዜ ስለ ካልሲው ሰምቼ እስቃለሁ። ሚስቱ አትስቅም። እሷ እሁድን ብቻ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ነው የምትሰማው። አንድ ቀን ወደ በሩ ስትሸኘኝ «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ፣ አንዳንዴ ጆሮዬን በትራስ እደፍናለሁ» አለችኝ።

በዘጠነኛው ወር ረጅም ደብዳቤ መጣ። አግኝታዋለች። ሮዝ መልክ ያለው፣ የመርፌ ራስ የሚያህል መንደር ሠርቶ የሚያድግ ባክቴሪያ ነው። መርዙን ጨምራበት ዜሮ ዲግሪ ላይ አስቀመጠችው፤ በአሥራ አንድ ቀን ሙልጭ አድርጎ በላው። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስቱንም ጊዜ በላው። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ጋሼን ሳሙልኝ» ይላል። ሄጄ ሳምኩት። «ከማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ስለ ካልሲው ነገረኝ።

ስትመለስ ወደቡ ላይ ሳያት ደነገጥኩ። ሁለት መቶ ያህል ቱቦ የያዘ የበረዶ ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፋ ትወርዳለች። ግማሽ ፀጉሯ ነጥቷል። ጉንጯ ላይ ብርዱ ያቃጠለው ቆዳ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሃምሳ ብትሉ የሚከራከራችሁ አልነበረም።

ሣጥኑን ፍሪዘር ውስጥ አስገብተን በቀጥታ ወደ ወንድሟ ሄድን። በሩን ሲከፍት አፈጠጠባት። «ሚጢጢ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? ሥራው ነው?» አላት። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ አስቀመጠችውና ነገረችው። ፊት ለፊቱ ተንበርክካ፣ ሁለቱን እጆቹን ይዛ። አይቼው ነበር አለችው። አላወቅኩትም፣ ግን አይቼዋለሁ፣ ፈርሜያለሁ፣ አንተን እንዲህ ያደረግኩህ እኔ ነኝ አለችው።

እንባዋን በአውራ ጣቱ ጠረገላት። «ለዚህ ነው የምታለቅሺው? አንቺ ልጅ፣ ሰው አይደለሽም እንዴ? እኔ በሕይወቴ ስንት ብረት አበላሽቻለሁ። ተይ በቃ። ይቅር ብዬሻለሁ።»

ዶክተሯ ጭኑ ላይ ግንባሯን ደፍታ ተንሰቀሰቀች። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ትንሽ ቆይቶ ራሷን ዳሰስ አደረገና «ሚጢጢ! መቼ መጣሽ? ማን አስለቀሰሽ?» አላት።

ለሁለት ቀን ያህል ፊቷ በራ። በሦስተኛው ቀን ግን ተመልሳ ሄዳ እንደገና ነገረችው። እንደገና ይቅር አላት። እንደገና ረሳ። ከዚያ ልማድ ሆነባት። የራሷ አንገት ላይ የታሰረ ገመድ ለአሥር ደቂቃ የሚላላው እዚያ ወንበር ሥር ብቻ ነበር መሰለኝ።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሥራው ሌላ ተስፋ መቁረጥ ነበር። ባክቴሪያዎቹ በአራት ዲግሪ ይበላሉ። በአሥር ይደክማሉ። በአሥራ አምስት ያቆማሉ። በሰው ገላ ሙቀት አንድ ሰዓት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ወፍ ሲንጫጫ ገብተን መብራት ሲበራ እንወጣ ነበር። መርዙን የሚቆርጠውን ፕሮቲን ለብቻው አወጣችው፤ ሙቀት ሲነካው እንደ እንቁላል ረጋ። አሠራሩን ቀያየረችው፣ ሌላ ቱቦ ሞከረች፣ ሌላ። ሁለት ዓመት። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻው ቁጥር አራት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ነበር።

አንድ ቀን ጓንቴን ሳወልቅ አፌ አላርፍ አለ። «ዶክተር፣ በሰው ገላ ሙቀት ቢሠራስ እንኳ... የተቃጠለው ተቃጥሏል እኮ። መርዙ ከጋሼ ገላ ከወጣ ዓመታት አለፉ። ምኑን ይበላል?»

ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። «አውቃለሁ» አለች። «ከመሄዴ በፊትም አውቅ ነበር።»

ብልቃጡን አጠብኩ።

አንድ እሁድ አብረን ወንድሟ ቤት ሄድን። እንደ ልማዷ ተንበርክካ ነገረችው። የዚያን ቀን ግን ጠዋት ከሚስቱ ጋር ስለ ጫማው ተጨቃጭቆ ነበር፤ ፊቱ ጥሩ አልነበረም። እጁን ከእጇ አስለቀቀ።

«የሞተ ሰው አለ?»

«ሦስት።»

«ማን ማን?»

ነገረችው። መረብ ጠጋኙ ሽማግሌ ወንድሟ ብየዳ ሲማር አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያበረታታው ሰው ኖሯል። ወንድሟ ተነሳ። እንደዚያ ሲንቀጠቀጥ አይቼው አላውቅም። «አይተሽ ነው የፈረምሽው? አንቺ? ትምህርቴን ትቼ ያስተማርኩሽ፣ አይተሽ እንድታልፊ ነው? ውጪልኝ። ከፊቴ ውጪ!»

ወጣች። እኔም ተከተልኳት፤ ሚስቱ እስክታረጋጋው ድረስ በሩ ደጃፍ ላይ ጠበቅን። ከአንድ ሩብ ሰዓት በኋላ ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ረስቶታል» አለች። «ግን እየተንቀጠቀጠ ነው። ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አያውቅም። ‹የሆነ ሰው ሞቶብኛል፣ ማን እንደሆነ ንገሪኝ› ይለኛል።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ስሚኝ እህቴ። አንቺ ትነግሪዋለሽ፣ ያለቅሳል፣ ይምርሻል፣ ቀልሎሽ ትሄጃለሽ። ነገሩ ከልቡ ይጠፋል እንጂ ሐዘኑ አይጠፋም። እስከ ማታ ድረስ ሆዱን ይዞ ይዞራል። እኔ ጋ ነው የሚቀረው። በሞቴ፣ ከእንግዲህ እንዳትነግሪው።»

«አላወቅኩም፣ እትዬ» አለች ዶክተሯ።

«አሁን አወቅሽ።»

በባህሩ ዳር ወደ ቢሮ ተመለስን። እኔም መንገድ ላይ ለዓመታት አፌ ላይ የኖረውን ነገር አወጣሁት። «ዶክተር፣ ያን ሐሙስ... መመሪያው የሚለው አራት ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አስታውሳለሁ» አለች።

አልወቀሰችኝም፣ ይቅርም አላለችኝም። ይቅርታ መጠየቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ገና አሁን ከወንድሟ ሚስት አፍ ሰምተን ስለመጣን እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ በኋላ ለወንድሟ አንድም ቀን ደግማ አልነገረችውም። የባክቴሪያውን ነገር ትታ አምስተኛውን ምርመራ መሥራት ጀመረች። እሱስ ተሳካላት። በስምንት ወር ውስጥ ያ መርዝ ኢምንት ቢሆን እንኳ የሚያሳይ ዘዴ አወጣች፣ መመሪያው ውስጥ ገባ። ደስ ሊለን በተገባ ነበር። ነገር ግን መርፌው በየዓመቱ መምጣቱን አላቆመም። ባህሩ ሞቋል፣ ሞገዱ አቅጣጫውን ለምዶታል። መጀመሪያ ሁለት ወር ዘጋን። ቀጥሎ ስድስት። በአራተኛው ዓመት አንድም ንጹህ ሳምንት አልነበረም፤ ባህረ ሰላጤው ለዛጎል ለዘለቄታው ተዘጋ። የዛጎል ለቃሚዎቹ አለቃ ባዶ ባልዲውን ይዞ መጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠው። «ያኔ ባትፈርሚ ኖሮ አባቴ ይኖር ነበር። አሁን ደግሞ አልፈርም ስትዪ ልጆቼ ተሰደዱ» አላት። ስድብ አልነበረም፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ብትደርሺ ምን ነበረበት?» ብሎ ሄደ።

መርከብ ጥገናውም ተከታትሎ ተዘጋ። የወንድሟ ሚስት ባሏን ይዛ ከባህር ርቆ የሚገኝ የዘመዶቿ ከተማ ገባች፤ በአውቶቡስ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። እዚያ ብየዳ የለም፣ የሚደበቅ ጫማ የለም፣ ትንሽ ትረፍ እስቲ አልን።

የሚመረመር ዛጎል ከሌለ ደግሞ መርማሪ ምን ያደርጋል? እኛንም ዝጉ አሉን። ፍሪዘሩ ባዶ ይሁን የሚል ወረቀት መጣ። ዶክተሯ ለባክቴሪያዎቿ ቦታ ፍለጋ ያልጠየቀችው ተቋም አልቀረም፤ አንዱ ቦታ የለንም፣ አንዱ ኤሌክትሪክ አይበቃንም፣ አንዱ ደግሞ «ለምን ይጠቅማሉ?» ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልጻፈችም። ማክሰኞ ቀን ቱቦዎቹን በሽቦ ቅርጫት ደርድረን ማምከኛው የእንፋሎት ድስት ውስጥ ከተትናቸው። መቶ ሃያ አንድ ዲግሪ፣ ሃያ ደቂቃ። በረዶ ውስጥ ስንት ሺህ ዓመት እንደኖሩ እንጃ። እንፋሎቱ ሲያፏጭ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ታይ ነበር፣ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን። ደወሉ ሲጮህ «አለቀ» አለች። እኔ ክዳኑን ከፈትኩ። እሷ እጇን ታጠበች።

አሁን እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። እሷ ወደቡ ላይ ቀርታለች፤ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባዮሎጂ ታስተምራለች። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ በማለዳው አውቶቡስ ወደ ወንድሟ ትሄዳለች፣ እሁድ ስትመለስ እኔ ዘንድ ጎራ ትላለች። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ስትመጣ «ሚጢጢ ብሎ ሳቀልኝ» ትል ነበር፤ ለእሷ ያ ለአንድ ወር ስንቅ ነው።

አንድ እሁድ ግን በሩን አንኳኩታ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆመች።

«ጋሼ፣ ትናንት ‹ይግቡ› አለኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። «እና ምን ይበልሽ?»

«‹ግቢ› አላለኝም። ‹ይግቡ፣ ይቀመጡ› ነው ያለኝ። አንቱ አለኝ።»

ሚስቱ በስልክ ነግራኝ ነበር፤ የድሮውም ከጫፉ እየተሸረሸረ ነው፣ የእህቱን ዶክተርነት ረስቷል፣ ገና ተማሪ ናት የሚለው ብላኝ ነበር። ይህኛውን ግን አልጠበቅኩም። «ዓይኑ ደክሞ ይሆናል» አልኩ። «በጨለማ አይቶሽ...»

«ቀን ነው። መስኮቱ አጠገብ ነው የተቀመጥነው። ‹ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ሚጢጢ› አልኩት። በጣም ሳቀ። ‹እህቴ እኮ ልጅ ናት፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት› አለኝ። ሊያስከፋኝ አልፈለገም፤ ውሃ ቀዳልኝ። ከዚያ ምሳ እስክንበላ ድረስ ስለ እሷ ነገረኝ። እንዴት ጎበዝ እንደሆነች። ምንም ነገር አታልፍም አለኝ፤ ጉንዳን እንኳ ቆጥራ ነው የምታልፈው አለኝ።»

ካፖርቷን አወለቅኩላት። ላስቀምጣት አልቻልኩም፤ ቆማ ቀረች።

«ሁለተኛ አትሂጂ፣ ልጄ» አልኳት። «ራስሽን ለምን ትገድያለሽ?»

«እሄዳለሁ» አለች። «እንግዳ ይወዳል።»

እውነቷን ነው፤ እስካሁን አልቀረችም። ባለፈው ወር እኔም አብሬያት ሄድኩ። በሩን የከፈተው እሱ ነው። እኔን አወቀኝ፤ አቀፈኝ፣ ስለ ብልቃጦቼ ቀለደ። ከዚያ ከኋላዬ ወደቆመችው ሴት ዞር አለና ጃኬቱን ቆለፍ አድርጎ፣ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ «ይግቡ እመቤት፣ ይቀመጡ» አላት። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ገባች፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ እንግዳ ተቀመጠች።